ትከሻዬ ላይ ያለችው ሎሚ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዳማ ውስጥ አስተምራለሁ። የዛሬ 4 ዓመት ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ትከሻዬ ላይ፣ ወደ ጀርባዬ ዞር ብሎ፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል እብጠት አገኘሁ። ዛሬ ሎሚ አክላለች። አታመኝም፤ የቦርሳዬ ማንገቻ ሲጫናት ግን ትቆረቁረኛለች። አንድ ክሊኒክ በመርፌ ናሙና ወስደው ‹የስብ ሕዋሳት ናቸው፣ ሊፖማ ነው› አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ‹ለማንኛውም ኤምአርአይ ተነሺ› ተባልኩ። አማቴ ‹ትተኮስ› ይላሉ። ጎረቤቴ ‹ቢላ ከነካት ትባዛለች፣ እንዳታስነኪያት› ትለኛለች። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ካንሰር ናት? ኤምአርአይውን ልነሳ? ላስወጣት ወይስ ልተዋት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት እውነቱን ልንገርዎ። እጄ ያልዳሰሰውን እብጠት «ይሄ ነው» ብዬ አልፈርምም። የጻፉልኝ ዝርዝር ግን ብዙ ይናገራል። 4 ዓመት ቆይቷል። ቀስ እያለ ነው ያደገው። አያምም። ትከሻ ላይ ነው። እርስዎም በ40ዎቹ ውስጥ ነዎት። ይህን ለአንድ ቀዶ ሐኪም በስልክ ቢነግሩት አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ስም ሊፖማ ነው። መርፌውም ይህንኑ ብሏል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ይተኙ። ነገ ግን ልንፈትሻቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳው የውስጥ አካል ምስል) ከእነሱ መሃል መጀመሪያው አይደለም።

አንድ ቃል ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ታካሚዎቼን እንቅልፍ የሚነሳቸው ቃሉ ነው። «እጢ» የምንለው ስንት ነገር መሰለዎት! አንገትና ብብት ውስጥ ሁላችንም ያሉን፣ ጀርም የሚያጣሩት ትንንሽ ፍሬዎች እጢ ይባላሉ። ምራቅና ሆርሞን የሚያመነጩትም እጢ ናቸው። ያለ ቦታው የበቀለ ነገርም እጢ ነው። ሐኪሙ «እጢ ነው» ሲል ከሦስቱ አንዱን ማለቱ ነው። ታካሚው ጆሮ የሚደርሰው ግን አራተኛ ነገር ነው፤ ካንሰር። ሊፖማ እጢ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ስሙም ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የስብ እጢ» ከማለት አያልፍም። ሆዳችን ላይ የምንቆነጥጠው ዓይነት ተራ ስብ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ስስ ከረጢት ለብሶ፣ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ሊፖማ አለበት። አንገት፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ክንድና ጭን ይወዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል።

አሁን ወደ ጣት ሥራ እንምጣ። ሊፖማን በዋናነት የምናውቀው በመዳሰስ ነው። ተማሪ ሳለን የተማርናትን ቀላል መለኪያ ላካፍልዎ። ጆሮዎን፣ ሎቲ የሚንጠለጠልበትን ለስላሳ ቦታ ይንኩት። ከዚያ የአፍንጫዎን ጫፍ። ከዚያ ግንባርዎን። ሊፖማ እንደ ጆሮው ነው፤ ወይም በደንብ እንደታሸ ሊጥ። እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ካለ ሌላ ነገር ማሰብ እንጀምራለን፤ ለምሳሌ ያበጠ የአንገት እጢ። እንደ ግንባር ከደረቀ ደግሞ ቀልድ የለም፤ በቶሎ ይታያል።

ሁለተኛው መለኪያ መሸራተት ነው። ጠርዙን በአንድ ጣት ጫን ያድርጉት። ሊፖማ ከሆነ ልክ እንደ እርጥብ ሳሙና ከጣትዎ ሥር ሸርተት ብሎ ያመልጣል። ይህ ምልክት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይነግረናል። እብጠቱ ሥር ሰዶ ከጎረቤቱ ጋር አልተጣበቀም፤ ጠርዙም የታወቀ ነው። ካንሰር በአመዛኙ ጎረቤቱን ይይዛል።

ሦስተኛው ቆዳው ነው። ከእብጠቱ በላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ያንሱት። ለብቻው ከተነሳ ጥሩ ነው። ቆዳው ከእብጠቱ ጋር ተያይዞ ከመጣ፣ በተለይ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለች፣ ሊፖማ ሳይሆን የቆዳ ከረጢት ነው። እሱ አንዳንዴ ሲጨመቅ አይብ የመሰለ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ነገር ይወጣዋል። አደገኛ አይደለም፤ ግን ይመግላል፣ ያማል። ሰዎች ቤት ውስጥ አፍርጠውት፣ ብጉንጅ ሆኖ፣ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚያመጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው።

አራተኛውን ብቻዎን ስለማይችሉ ሰው ይጥሩ። ግድግዳ ፊት ቆመው በሁለት እጅዎ ገፋ ያድርጉ፤ የጀርባዎ ጡንቻ ይወጠር። በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ሎሚዋን ይዳስስ። ጡንቻው ተወጥሮም ጎላ ብላ ከታየችና እንደ በፊቱ ወዲያ ወዲህ ካለች ከጡንቻው በላይ ናት ማለት ነው። ከተደበቀች ወይም ቀጥ ብላ ከተያዘች ጡንቻው ውስጥ ወይም ከሥሩ ልትሆን ትችላለች። ይህቺ ሙከራ ቀላል ትመስላለች። ከእርስዎ ታሪክ ውስጥ የጎደለችኝ ትልቋ መረጃ ግን እሷ ናት።

ሌላው የጎደለኝ ልኩ ነው። «ሎሚ አክላለች» ብለዋል። ሎሚ ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ የገበያ ሎሚና የጓሮ ሎሚ አይተካከሉም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጉና ረጅሙን ጎን በሴንቲ ሜትር ይለኩ። አጠገቡ ማስመሪያ አስደግፈው በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ቀኑንም ይጻፉ። እኛ የምንጠነቀቅለት ወሰን 5 ሴንቲ ሜትር ነው። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያህል ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየ3 ወሩ አንዴ መለካት ይበቃል። በየቀኑ አይዳስሱት። በየቀኑ የሚታሸው እብጠት መቁሰል ይጀምራል፤ ከዚያ «ማመም ጀመረ» ብለው ሌላ እንቅልፍ ያጣሉ። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ሊፖማ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም። በእኛ አገር ግን ሊታለፉ የማይገቡ አሉ።

አንዱ የአንገት እብጠት ነው። የእርስዎ ትከሻ ላይ ስለሆነ አይመለከትዎትም፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ይኖራል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ የሚያስቀምጣት አገር ናት። ቲቢ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ የአንገት እጢ በጣም ይወዳል። መጀመሪያ ላይ አያምም። ጠንከር ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ሆኖ እርስ በርሱ ይያያዛል። ቆይቶ ይለሰልሳል፤ ውስጡ መግል ይቋጥራል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ «ለስላሳ ከሆነ ስብ ነው» ብሎ ይተወዋል። ማታ የሚያልብዎ፣ ትኩሳት ያለብዎ፣ ክብደት የቀነሱ ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ አንገት፣ ብብት ወይም ንፍፊት የሚወጣበት ብሽሽት ላይ ሆኖ ሳምንታት ካለፉት ስብ ነው ብለው አይቀመጡ። ለዚህ መርፌ ወርቅ ነው። ቲቢውንም፣ የእጢ ካንሰሩንም ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ የምንዘረጋው እጅ እሱ ነው። መሃል አንገት ላይ ሆኖ ምራቅ ሲውጡ ወደ ላይ ከፍ የሚል ደግሞ እንቅርት ነው።

ሌላው ከካፋ፣ ከጅማ፣ ከመተከል አካባቢ የሚመጡ ሰዎች ላይ የማስበው ነው። እዚያ ፈጣን ወንዞች አጠገብ የሚራባ ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርካ የተባለ ትል ያስተላልፋል። ትሎቹ ከቆዳ ሥር ተጠቅልለው ጠጠር ያለ፣ የማያም ፍሬ ይሠራሉ። ፍሬው ዳሌ አጥንት ላይ፣ ጎድን ላይ፣ ጉልበት አጠገብ ይቀመጣል። በጣት ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፤ ግን እንደ ጆሮ አይለሰልስም። ሰውየው ቆዳው ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ቢላ አይደለም። አንድ ወጣት ሐኪም እንዲህ ዓይነቱን «ሊፖማ» ብሎ ጽፎ ልኮልኝ ያውቃል። አልፈረድኩበትም። እኔም አዲስ አበባ ብቻ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ያንኑ እጽፍ ነበር።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ደግሞ ሆዳቸው ወይም ጭናቸው ላይ ለስላሳ ጉብታ ይዘው ይመጣሉ። ሊፖማ ይመስላል። ግን መርፌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚገባ ስቡ ያብጣል። እዚያ ጉብታ ውስጥ የተወጋ ኢንሱሊን በትክክል አይሠራጭም፤ ስኳሩም አልያዝ ይላል። መፍትሔው ቦታ መቀያየር ነው። ይህን ያወቀ ታካሚ የቀዶ ጥገና ወጪም ይቀርለታል።

ማጅራት ላይ እንደ ሻኛ የሚወጣ ስብም አለ። ስቴሮይድ የተባለውን የሰውነት መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። ከዓመታት በፊት የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ፣ በተለይ ስታቩዲን የወሰዱ ሰዎችም ፊታቸውና እግራቸው ሲከሳ ሌላ ቦታቸው ላይ ስብ ሲከማች አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። ማጅራቱ ላይ ሻኛ ያወጣ ሰው ስለዚህ ቀድሞ የሚጠየቀው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ሆድ ወይም ብሽሽት ላይ ሆኖ ሲያስሉ የሚገፋ፣ ሲተኙ የሚገባ እብጠት ቡዋ ነው። የእጅ አንጓ ላይ ያለ ውሃ የቋጠረ ፍሬ ሌላ ነው። እንደ ልብ ትርታ የሚመታ እብጠት ማንም ሰው መርፌ እንዳይሰካበት። ብዙ ለስላሳ ጉብታዎች፣ ከእነሱ ጋርም ማኪያቶ የፈሰሰበት የሚመስል ጠቃጠቆ ያለበት ሰው የነርቭ እጢ ሊሆንበት ስለሚችል ለብቻው ይመረመራል። ጡት ላይ ወይም ዘር ፍሬ ላይ ያለ እብጠት ደግሞ በዚህ ጽሑፍ አይዳኝም። ምንም ያህል ቢለሰልስ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ነጥብ።

ወደ መርፌዎ ልመለስ። መርፌው አልዋሸዎትም። ግን የተናገረው ያሰቡትን ያህል አይደለም። «የስብ ሕዋሳት ተገኝተዋል» የሚል ውጤት ትክክል ቢሆንም፣ እርስዎን የትም ቦታ ብንወጋዎት ስብ እናገኛለን። መርፌው እብጠቱን ስቶ ጎኑ ያለውን ጤነኛ ስብ ቢቀዳ እንኳ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ያው ነው። ሌላም ጉድለት አለው። ሊፖሳርኮማ የሚባለው የስብ ካንሰር የመጀመሪያው፣ ረጋ ያለው ዓይነት በመርፌ ናሙና ከሊፖማ ጋር መንታ ይመስላል። ስለዚህ መርፌ ብቻውን አይዳኝም። እንደ ሽምግልና ነው፤ ጣት፣ መርፌና ምስል አንድ ቃል ሲናገሩ እናምናቸዋለን። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ እንደገና እንጠይቃለን።

ምስል ስል አልትራሳውንድ ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ አዳማም ውስጥ ይገኛል። ሊፖማ በአልትራሳውንድ ሲታይ ሞላላ ነው፤ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። ውስጡ ስስ ነጫጭ መስመሮች አሉት። መሣሪያው ሲጫነው ይለመጣል። ደም ወደ ውስጡ የሚያስገቡ ሥሮች የሉትም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ናቸው። ውጤቱን ሲቀበሉ ሦስት ነገር መጻፉን ያረጋግጡ። መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ ከጡንቻው ሽፋን በላይ ነው ወይስ ከሥር፣ የደም ፍሰት አለው ወይስ የለውም። «ሊፖማ ይመስላል» ብቻ የሚል ወረቀት ግማሽ መልስ ነው። እርማት የለመደች መምህርት «አልተሟላም» ብላ ብትመልሰው ማንም አይቀየማትም።

ኤምአርአይስ? ኤምአርአይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ስብን ያውቀዋል፤ የስብን ምልክት የሚያጠፋ ዘዴም አለው። ያን ዘዴ ሲከፍቱት እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ስብ ብቻ ነው ማለት ነው። ውስጡ ከ2 ሚሊ ሜትር የወፈረ ግድግዳ፣ ወይም ስብ ያልሆነ ጓል ከቀረ ጥርጣሬ ይነሳል። ግን ይህን ሁሉ የምንጠይቀው ጥያቄ ሲኖረን ነው። እብጠቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ከጡንቻ ሥር ከሆነ፣ ወይም አልትራሳውንዱ ካመነታ ኤምአርአይ ተገቢ ነው። የትንሽ፣ የላይኛ፣ የለስላሳ እብጠት ኤምአርአይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያክመው ፍርሃትን ነው፤ የታካሚውንም አንዳንዴ የሐኪሙንም። «ለማንኛውም» የሚለው ቃል በሕክምና ውስጥ ውድ ቃል ነው። ኪስዎን ስለሚነካ ነው በግልጽ የምነግርዎት። ያዘዙልዎትን ሐኪም በትሕትና «ዶክተር፣ ምን ጠርጥረው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያት ካላቸው ይነሱ። ምናልባት ዳስሰው ጥልቅ መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ አላየሁም፣ እሳቸው አይተዋል። ምክንያቱ «ለማንኛውም» ብቻ ከሆነ በአልትራሳውንዱ ይጀምሩ።

ጥርጣሬ የሚያስነሳው ምንድን ነው? ከእንቁላል የበለጠ መጠን። ዓመታት ዝም ብሎ ኖሮ በወራት ውስጥ መፍጠን። ጥልቀት። መድረቅ ወይም መያዝ። ያለ ምክንያት የጀመረና የማይለቅ ሕመም። አንዴ ወጥቶ እዚያው ቦታ መመለስ። ሊፖሳርኮማ በተለይ ጭን ውስጥ በጥልቀትና ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ መብቀል ይወዳል። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ዝም ብሎ አይከፈትም። ቀድሞ ኤምአርአይ፣ ቀጥሎ ወፈር ባለ መርፌ የሚወሰድ የሥጋ ቁራጭ፣ ከዚያ ነው ቢላው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በአንድ ቀዶ ጥገና ሊድን የሚችል ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ሊፖማ ሰንብቶ ወደ ካንሰር ይዞራል የሚለው ስጋት ግን አያሳስብዎት። ሊፖሳርኮማ በአመዛኙ ከጅምሩ ሊፖሳርኮማ ሆኖ ነው የሚበቅለው።

ሕመም ስል አንድ ማስተካከያ። በማንገቻ ሲጫን መቆርቆር የሚያስጠረጥር ሕመም አይደለም፤ የተጫነ ነገር ይቆረቁራል። ደግሞም ወጣቶች ክንድ ላይ በርከት ብሎ የሚወጣ፣ የደም ሥር የበዛበት፣ ሲነኩት የሚያም የሊፖማ ዓይነት አለ። ያማል እንጂ አይገድልም።

አሁን አማትዎና ጎረቤትዎ። ሁለቱም የሚናገሩት ካዩት ተነስተው ነው፤ አልስቅባቸውም። ጎረቤትዎ ምናልባት ዘግይቶ ሐኪም ቤት የሄደ፣ ተከፍቶ ካንሰር የተገኘበትና ብዙም ሳይቆይ ያረፈ ሰው ታውቃለች። ሰው ሁሉ «ቢላ ነክቶት ነው» አለ። ካንሰሩ ግን ቢላው ሳይመጣ በፊት እዚያው ነበር። ሊፖማ በቢላ አይባዛም። በአግባቡ ከነከረጢቱ ከወጣ አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም።

ለአማትዎ ደግሞ በአክብሮት እንዲህ ይበሉልኝ። መተኮስ የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ስቡ ከሥር ተኝቶ ይስቃል። የሚተርፈው ቁስል ነው፤ ሲመግልም ለአደጋ ያጋልጣል። ትከሻና የላይኛው ጀርባ ደግሞ ጠባሳ አብጦ የሚወጣባቸው፣ ኬሎይድ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንብዎታል። ለእኛም ፈተና ያመጣል። የተተኮሰ እብጠት ቆዳው ይጣበቃል፣ ይደርቃል። ከላይ የነገርኳችሁ የጣት ምልክቶች ሁሉ ይጠፋሉ፤ ምንም ያልነበረው ሊፖማ ካንሰር መስሎ ይመጣል።

ከየት መጣ ለሚሉት፣ ከጮማ አይደለም። አንዲት እናት «ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ዘይት ሳልቀምስ ጾሜ ይህ ነገር አልሟሸሸም» ብለውኛል። ሊፖማ የሰውነትን ሒሳብ አያውቅም። ሰው ሲከሳ እሱ አይከሳም፤ እንዲያውም ዙሪያው ስለሚሟሽሽ ጎልቶ ይወጣል። ብዙዎቹ ላይ በስቡ ሕዋስ ውስጥ፣ የዘር መረጃ ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች በ12ኛው ላይ፣ ለውጥ ይገኛል። ቤተሰብ ውስጥ የሚወርድ ዓይነትም አለ፤ እዚያ ክንድና ሆድ ላይ በብዛት ይወጣል። አንገትና ትከሻ ላይ በሁለቱም ጎን እኩል የሚከመር አንድ ዓይነት ደግሞ ከብዙ ዓመት የመጠጥ ታሪክ ጋር ይያያዛል። የእርስዎ አንድ ነው፤ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም።

ታዲያ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ሊፖማ ለመሆኑ ሦስቱ ምስክሮች ከተስማሙ ምርጫው የእርስዎ ነው። መተው ይቻላል። የማይረብሽ ሊፖማ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። እርስዎን ግን ማንገቻው ስለሚቆረቁርዎት፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ስላሳጣዎት፣ ማስወጣቱ ተገቢ ምክንያት አለው። ሥራው ቀላል ነው። በቦታው ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም። ቆዳው ይከፈታል፣ ከረጢቱ በጣት ከዙሪያው ይላቀቃል፣ ብቅ ብሎ ይወጣል። ስንጀምር የሚፈሩት ታካሚዎች ሲወጣ «ይሄ ነው እንዴ?» ይላሉ። ብጫ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የዶሮ ስብ የመሰለ ነገር ነው። በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ። የጀርባ ስፌት ክሩ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሊያጋጥም የሚችለው ደም ወይም ውሃ መቋጠር፣ ቁስል ማመርቀዝና ጠባሳ ነው። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሌላ ቁስል ሲድን ያበጠ ጠባሳ ትቶብዎት ከሆነ ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት። ይህ መረጃ ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል።

ቦታው ሌላ ቢሆን ኖሮ ምክሬም ሌላ ነበር። ግንባር ላይ ያለ ሊፖማ ብዙ ጊዜ ከጡንቻው ሥር ይተኛል፤ ልምድ ይፈልጋል። ማጅራት ላይ ያለው በጠንካራ ክሮች ተጠላልፎ ስለሚገኝ እንደ ትከሻው ብቅ አይልም። ሕፃን ልጅ ወገብ ላይ፣ ልክ በአከርካሪው መስመር፣ ከመቀመጫው በላይ ያለ የስብ እብጠት ደግሞ ማንም እንዳይነካው። ከነርቭ ገመዱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሳያየው ቢላ አይቀርበውም።

አንድ ነገር አደራ። የወጣው ነገር አይጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሾፌር ጭኑ ላይ እብጠት ይዞ መጣ። ቀደም ሲል አንድ ክሊኒክ ውስጥ «ስብ ነው» ተብሎ ወጥቶለታል። ከ14 ወር በኋላ እዚያው ቦታ ተመለሰ። «ውጤቱ የታለ?» አልኩት። «ምን ውጤት? በሳህን አሳይተውኝ ጣሉት» አለኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሊፖሳርኮማ ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ግን ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰውየው ተረፈ፤ ጭኑ ግን ብዙ ጡንቻ ከፈለ። ስለዚህ ከመከፈትዎ በፊት «ናሙናው ፓቶሎጂ ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ማለት ነው። ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ) ያለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ስምዎ ይጻፍበታል። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱን ራስዎ ይውሰዱት፤ ከልጆችዎ የልደት ካርድ ጋር ያስቀምጡት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሜትር ይፈልጉ፣ ግድግዳውን ይግፉ፣ ከዚያ አልትራሳውንዱን ይነሱ። ልኩ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ከጡንቻው በላይ ከሆነና ደም የማይፈስበት ከሆነ ኤምአርአይውን ይተውትና ቀዶ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይያዙ። ከሦስቱ አንዱ ከተዛነፈ የኤምአርአይውን ነገር ያነሱት ሐኪም ልክ ናቸው፤ ይነሱ። እስከዚያው ቦርሳዎን በግራ ትከሻዎ ያንግቱት።